ስለ ጠፋው መብራት

ግዑዛን ዕቃዎች ብቻ የሚታዩበትን ሥዕል ሆላንዳውያን «ጸጥ ያለ ሕይወት»፤ ፈረንሳውያን ግን «የሞተ ተፈጥሮ» ብለው ይጠሩታል። አንዱ ሕያው ያለውን ሌላው ሙት ማለቱ የሚያስመረምር ጥያቄ አለበት። ይኸውም፤ አላፊ መሆኑን ያወቅነውን ነገር ልንንቀው ይገባልን፤ ወይስ ልናከብረው?

በሐርለም ከተማ ይኖር የነበረው ሠዓሊ ፒተር ክላስ በ1630 ዓመት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር የሣለው አንድ ሥዕል ዛሬ በዴን ሐግ ከተማ፤ በማውሪትስሃውስ ቤተ መዘክር ይገኛል። ቁመቱ 40፤ ወርዱም 56 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በገበታው ላይ የሰው ራስ ቅል፤ መጽሐፍ፤ የኪስ ሰዓት፤ የወደቀ ብርጭቆና የጠፋ መብራት ይታያሉ። እንዲህ ያለው ሥዕል «ቫኒታስ» ይባላል፤ ቃሉ በላቲን ከንቱነት ማለት ሲሆን የተወሰደውም ከመጽሐፈ መክብብ ነው።

ምሳሌውን መፍታት አያስቸግርም። ቅሉ ሞትን፤ ሰዓቱ የዘመንን ማለፍ፤ ብርጭቆው የደስታን መፍሰስ፤ መጽሐፉም የሰውን ዕውቀት ፍጻሜ ያመለክታል። ወርቁ ይህ ነው። ነገር ግን ሰሙ ተጣሞ የተሠራ እንደ ሆነ ወርቁም ተጣሞ እንዲወጣ፤ አንጥረኛውም ባለቅኔውም ያውቃሉ። ክላስም ይህን ያወቀ ይመስላል። ከቡናማና ከግራጫ እምብዛም ባልራቀ ቀለም፤ በብርጭቆው ላይ ያረፈችውን ጥቂት ብርሃንና የወረቀቱን ጠርዝ ሳይቀር በብዙ ትዕግሥት ሣለ። የነገርን ሁሉ ከንቱነት የሚያስተምር ሰው ለከንቱ ነገር ይህን ያህል መድከሙ ስለ ምንድን ነው?

መልሱ በብርሃኑ ዘንድ ይገኛል። በገበታው ላይ ያለው መብራት ጠፍቷል፤ ዕቃዎቹ ግን ይታያሉ። እንግዲህ ብርሃኑ ከሥዕሉ ውጭ ከሆነ ስፍራ ይመጣል፤ ምንጩም ለተመልካች አይታይም። ሲያርፍም ለመጽሐፉ አድልቶ ብርጭቆውን አይንቅም። ዕቃዎቹ የራሳቸው ብርሃን የላቸውም፤ ብርሃንን ለመቀበል ግን የተገቡ ሆነው ተገኝተዋል።

ስለዚህ አላፊ መሆን አንድ ነገር፤ የተናቀ መሆን ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ያልለየ ሰው የባልንጀራውን ኀዘን «ያልፋል» ብሎ ያቃልላል፤ የተራበውንም ስለ ዓለም ከንቱነት አስተምሮ ባዶ እጁን ይሰደዋል፤ ይህንም ጥበብ ይለዋል። የሚያልፍ ነገር ግን የሚያልፍ ስለ ሆነ፤ ሳያልፍ ሊታይ ይገባዋል።