ከማንም አይደለሁም ያለ ሰው የማን ነው?

የምርጫ ሰሞን ሲደርስ ግድግዳው ሁሉ አፍ ያወጣል። የድርጅቶቹ ወረቀት በቀለም አሸብርቆ ከዳር እስከ ዳር ሲለጠፍ፣ ከመካከሉ አንዳንዴ አንዲት ጠበብ ያለች ወረቀት ትገኛለች። የአንድ ሰው ፎቶግራፍ፣ ከጎኑ የምርጫ ምልክቱ፣ ከሥሩ «የግል ተወዳዳሪ» የሚል ጽሑፍ አለባት። ይኼ ሰው ድርጅት የለውም። የድጋፍ ፊርማውን ከየደጁ ለቅሞ ነው እዚህ የደረሰው። የሚለውም ባጭሩ ይኼ ነው፦ «እኔ ከማንም አይደለሁም፤ የእናንተው ነኝ። ለአካባቢያችን ውሃና መንገድ አመጣለሁ፤ የክልሉንም መንግሥት ከሙስና አጸዳለሁ።»

መቼም ልባችን ወደዚህ ሰው ማዘንበሉ አይቀርም። ከላይ የወረደ መመሪያ የሚያነበንብ ካድሬ ስንሰማ የኖርን ሰዎች ነን። በ2007 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547ቱም መቀመጫዎች በጊዜው ገዢ በነበረው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ ገብተው ነበር። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው «ብቻዬን ቆሜአለሁ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ቢያቀና ምን ይገርማል? ግን እስቲ ረጋ ብለን እንጠይቅ። ብቻ መቆም በራሱ ምግባር ነው ወይ? ብቻውን የቆመ ሰውስ ለሕዝብ ምን ዓይነት ቃል የመግባት መብት አለው?

በመጀመሪያ ነገሩን በቁጥር እንየው። ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ወስኗል። የግል ተወዳዳሪያችን ቢያሸንፍ፣ ከአምስት መቶ ከሚበልጡ እጆች መካከል አንዲት እጅ ይዞ ይገባል ማለት ነው። ክልል ምክር ቤት ቢገባም ሒሳቡ ያው ነው። የክልሉን በጀት የሚያጸድቀው አንድ ሰው ሳይሆን የምክር ቤቱ የድምፅ ብልጫ ነው፤ ያም በጀት በአብዛኞቹ ክልሎች በፌዴራል መንግሥት ድጎማ ላይ ያረፈ ነው። ወደ ወረዳ ስንወርድ ደግሞ፣ ከሚደርሰው ገንዘብ ትልቁ እጅ ለመምህሩ፣ ለጤና ባለሙያውና ለጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ደመወዝ ይውላል። ለቧንቧና ለድልድይ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ታዲያ «ውሃ አመጣለሁ» የሚለው ሰው ከየት ነው የሚያመጣው? ከኪሱ? «አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም፣ አንድ ሰው ብቻውን አይፈርድም» የሚለው ተረት ይኼንን ሒሳብ ገና ድሮ ጨርሶታል።

ፈላስፋው ካንት ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ፣ ሰው ከቶ ሊፈጽመው በማይችለው ነገር ግዴታ ሊጣልበት አይችልም የሚል ነው። እኛ ደግሞ ይኼንኑ ገልብጠን እንበለው፤ ሰው ከአቅሙ ውጭ የሆነውን ግዴታ በገዛ አፉ በራሱ ላይ ሊጭን አይገባውም። ቃል መግባት ዕዳ መግባት ነው። እንደማይከፍል እያወቀ የሚበደር ሰው ሲበደር ፊቱ የቱንም ያህል ቅን ቢመስል፣ አበዳሪውን ከማታለል አይለይም።

«ኧረ ተዉ! ድርጅቶቹ ከዚህ የባሰ ይዋሹ የለም ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ይዋሻሉ። ነገር ግን ልዩነት አለው። ካድሬው የገባው ቃል ሲቀር ሕዝቡ «እኛስ ቀድሞውንም አላመንነውም» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ያ ብቻውን የቆመው፣ የሰፈሩ ልጅ፣ ንጹሕ ነው የተባለው ሰው የገባው ቃል ሲቀር ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሕዝቡ ከዚያ በኋላ የሚለው «እሱም እንደነሱ ነው፤ ሁሉም አንድ ናቸው» ነው። ይህች አነጋገር ደግሞ ለጨቋኝ ሁሉ ትመቸዋለች። ሁሉም አንድ ከሆነ ማን ይመረጣል? ለምን ይመረጣል? የክፉ ሰው ውሸት ያንኑ ክፉ ሰው ያስጠላል፤ የደግ ሰው ባዶ ቃል ግን ተስፋን ራሱን ያስጠላል። ስለዚህ ከግል ተወዳዳሪው የምንጠብቀው ጥንቃቄ ከድርጅቶቹ ከምንጠብቀው ቢበልጥ እንጂ ሊያንስ አይገባውም።

እንግዲህ ምን ይሁን? ቤቱ ይቀመጥ? አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ሊሠራ የሚችለው ትልቅ ነገር አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ406 ዓመት አቴናውያን ከባሕር ጦርነት በድል የተመለሱ የጦር አለቆቻቸውን ከሰሱ። ክሱ፣ በማዕበል ጊዜ መርከባቸው የተሰበረባቸውን ወታደሮች አላዳናችሁም የሚል ነበር። ሕዝቡ ተቆጥቶ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ በጅምላ ይፈረድባቸው አለ፤ ይህ ግን ከሕጋቸው ውጭ ነበር። በዚያን ቀን ጉባኤውን ከሚመሩት አንዱ ሶቅራጥስ ነበርና እምቢ አለ። እምቢታው ማንንም አላዳነም፤ ስድስቱ የጦር አለቆች ተገደሉ። ቆይቶ ግን አቴናውያን ራሳቸው በሠሩት ተጸጸቱ። የዚያች የአንድ ሰው እምቢታ ጥቅሟ፣ «ሁላችንም ተስማምተን ነበር» የሚለው ውሸት እንዳይነገር መሆኗ ነው።

በእኛም አገር ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከ1987 እስከ 1994 ዓ.ም. የአገሪቱ ርእሰ ብሔር ከነበሩ በኋላ፣ በ1997 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ገብተዋል። ያን ያህል ከፍ ብሎ የነበረ ሰው እንደገና ከአገሩ ልጆች ድምፅ ለምኖ ብቻውን ሲገባ ማየት ቀላል ትምህርት አይደለም። ሆኖም እሳቸውም ቆይተው የአንድነት ፓርቲ አባል፣ ከዚያም ሊቀ መንበር ሆነዋል። ለብቻ መቆም ለምስክርነት ይበቃ ይሆናል፤ ለሥራ ግን ጓደኛ ያስፈልጋል።

ደግሞ «ድርጅት ባይኖር ኖሮ ሁሉም ነጻ ይሆን ነበር» የሚሉ አሉ። ይኼ በአገራችን ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። በ1948 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ መመረጥ ሲጀምሩ የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። እንደራሴው ሁሉ የግል ተወዳዳሪ ነበር። ለመወዳደር ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር። ውጤቱስ ምን ሆነ? ሥልጣኑ ከቤተ መንግሥት አልወጣም፤ የጭሰኛውን ኑሮ ያሻሽላል የተባለው ሕግም ምክር ቤቱ ዘንድ ደርሶ ሳይጸድቅ የ1966ቱ አብዮት ደረሰ። «ከማንም አይደለሁም» ከሚሉት እንደራሴዎች ብዙዎቹ ለካ የመሬታቸው ነበሩ! ሰው ከድርጅት ስለወጣ ብቻ ከጥቅም ማሰሪያ አይወጣም። ማሰሪያው አይታይም እንጂ አለ።

ጥያቄው እንግዲህ «ታስሯል ወይስ አልታሰረም?» ሳይሆን «ከማን ጋር ታስሯል?» ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሦስት ነገሮች ነው ይላል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። የግል ተወዳዳሪ ሦስተኛይቱን አብዝቶ ይወዳል። «ኅሊናዬ ነው የሚመራኝ» ይላል። መልካም። ግን ማንም የማይጠይቀው ኅሊና ውሎ አድሮ «እኔ ያልኩት» ወደ መሆን ይሄዳል። ድርጅት ያለውን ሰው ሌላው ቢቀር ድርጅቱ ይቆጣጠረዋል። ብቻውን የቆመውን ሰው ማን ይቆጣጠረው?

መልሱን ከሩቅ አገር ከመፈለጋችን በፊት እድራችንን እንይ። የእድር ዳኛ በፓርቲ አይመረጥም፤ በስሙና በጠባዩ ይመረጣል። ግን ስሙ ብቻ አይበቃውም። ወር በገባ ቁጥር ሰው ይሰበሰባል፣ ስም ይጠራል፣ የገባውና የወጣው ይነበባል። ገንዘብ ያዡ «እመኑኝ» አይልም፤ ደብተሩን ይዘረጋል። እርግጥ እድርንም ማሞገስ ብቻ አይገባም። መዋጮ መክፈል ያቃተው ድኻ ከደጅ ይቀራል። ደግሞም በእድር ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፤ ክልል ግን ሚሊዮን ሰው ነው። ቢሆንም ደብተር መዘርጋት የሚባለው ልማድ ትልቅ ቦታ ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ከባሕር ማዶም አንድ ምሳሌ አለ። በአሜሪካ ቬርሞንት ውስጥ በርሊንግተን በምትባል ከተማ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በርኒ ሳንደርስ የተባለ ሰው ከሁለቱ ትላልቅ ፓርቲዎች ውጭ ሆኖ በ10 ድምፅ ብልጫ ከንቲባ ሆነ። የከተማው ምክር ቤት አብዛኛው ተቃዋሚው ነበርና የሾማቸውን ሰዎች አላጸድቅም አለው። ሰውዬው ብቻውን ነበርና ብዙ ሊሠራ አልቻለም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ደጋፊዎቹ ራሳቸው ተወዳድረው ምክር ቤት ሲገቡ ነገሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። በ1984 እ.ኤ.አ. ከተማዋ 200,000 ዶላር ሰጥታ የጋራ መሬት ማኅበር አቋቋመች። መሬቱ የማኅበሩ ሆኖ ይቆያል፣ ቤቱ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው በሚችለው ዋጋ ይሸጣል፤ ገዢውም ቤቱን መልሶ ሲሸጥ ያለ ልክ አያተርፍበትም። የሰውየውን ፖለቲካ መውደድና መጥላት ሌላ ጉዳይ ነው። ለእኛ ትምህርት የሚሆነው፣ የአንድ ሰው ራእይ ሥራ የሆነው ጎረቤቶቹ የራሳቸው ጉዳይ ሲያደርጉት መሆኑ ነው።

ስለዚህ የግል ተወዳዳሪ እንዲህ ቢለን ይሻላል እንላለን፦ «ውሃ አመጣለሁ አልላችሁም። የወረዳችሁ በጀት ስንት እንደሆነና የት እንደሚሄድ በምትገቡበት ቋንቋ አነብላችኋለሁ። ምክር ቤቱ ውስጥ በየትኛው ጉዳይ ከነማን ጋር እንደማብር አሁኑኑ እነግራችኋለሁ። የሰጠሁትን ድምፅ ሁሉ እየመጣሁ አስረዳለሁ። የሚጠይቀኝ ኮሚቴ ከየመንደሩ ምረጡ። ካላረካኋችሁም በሕጉ መሠረት አውርዱኝ።» የመጨረሻው ነገር ባዶ አነጋገር አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ንግግር ጭብጨባ አያስነሣ ይሆናል። የተነገረው ሁሉ ግን በተናጋሪው እጅ ያለ ነው።

የቀረው የእኛ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ከዚህ ግቢ ወጥተን በየወረዳው መምህር፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የጤና ባለሙያ እንሆናለን። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሊያነበው የማይችለውን የበጀት ሰነድ እኛ ማንበብ እንችላለን። «እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም፤ ከማንም አይደለሁም» እያልን ሰነዱን ብንዘጋው፣ ያ ተወዳዳሪ የሚያነብለት ሕዝብ እንጂ የሚያግዘው ሰው አያገኝም። እሱ ብቻውን የቆመው ከእኛ ርቆ ከሆነ ጥፋቱ የሱ ነው። እኛ ርቀንበት ከሆነ ግን «ከማንም አይደለሁም» የሚለው ቃል ከሱ አፍ ይውጣ እንጂ የሚመለከተው እኛን ነው።