ጀግናው ሲሻገር ምን ጥሎ መጣ?

ወዳጆቼ፣ ስፓይደርማንን መጀመሪያ ያያችሁት የት ነው? ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ለምታነቡ ለአብዛኞቻችሁ መልሱ ያው ይመስለኛል፤ ወይ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ወይ በአማርኛ ትርጉም ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የደረሳችሁ ፊልም ላይ ነው። እነዚህ ልዕለ ጀግኖች ግን በፊልም አልተወለዱም። ሱፐርማን በሥዕል በሚተረኩ ቀጫጭን መጽሔቶች፣ ኮሚክ በሚባሉት፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። እኛ ወረቀቱ አልደረሰንም፤ የተዋወቅነው ወደ ፊልም የተሻገረውን ጀግና ብቻ ነው። ሲሻገር ምን ጥሎ እንደመጣ ግን ማን ነገረን?

“ታዲያ ምን ቸገረን? መዝናኛ አይደል?” የሚል አይጠፋም። የሚቸግረን ይህ ነው፤ ከእነዚህ ፊልሞች ማንም ሰው መብረር አይማርም። ኃይል ያለው ሰው በኃይሉ ምን ማድረግ እንደሚገባው ግን ሳናውቀው እንማራለን። ስለዚህ ትምህርቱን መመርመር የአማኝ ወጣት ድርሻ ነው።

በመልካሙ እንጀምር። ስፓይደርማን እ.ኤ.አ. በ1962 ስታን ሊ ጽፎት ስቲቭ ዲትኮ የሣለው የ11 ገጽ ታሪክ ነበር። ፒተር ፓርከር የተባለ ተማሪ ድንገት ኃይል ያገኝና ገንዘብና ዝና ያምረዋል። አንድ ቀን ሌባ በፊቱ ሲያመልጥ፣ ሊይዘው እየቻለ፣ “ምን አገባኝ” ብሎ ያሳልፈዋል። ያው ሌባ በኋላ ፒተርን ያሳደገውን አጎቱን ይገድላል። ኃይል ያለው ሰው ኃላፊነትም እንዳለበት በታሪኩ መጨረሻ የሚናገረው ተራኪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሳም ራይሚ ፊልም ግን ይህንን ምክር ከተራኪው ወስዶ ለአጎትየው ሰጠው። ልጁ ምክሩን እየተቆጣ ይሰማዋል፤ ዋጋው የሚገባው አጎቱ ከሞተ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ፊልሙ ምንም አልጣለም፤ እንዲያውም ጨመረ። አባቱን ወይም እናቱን ሳይሰማ ቀርቶ በኋላ የተጸጸተ ሁሉ ያ ትዕይንት ይገባዋል። ጌታም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ብዙ የተቀበለ ሰው ብዙ እንደሚጠየቅ አስተምሯል።

አሁን ደግሞ ወደ ሱፐርማን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1988 ጆን በርን በጻፈው የኮሚክ ታሪክ ሱፐርማን ሕዝብ የፈጁ ሦስት ወንጀለኞችን፣ ኃይላቸውን ካጡ በኋላ፣ በገዛ እጁ ይገድላል። ጸሐፊዎቹ ግን ነገሩን በዚያ አልዘጉትም። ጀግናው ሕሊናው እየወቀሰው ይታመማል፤ ለሰው አደጋ እንዳይሆን ፈርቶም ምድርን ትቶ ራሱን ያሰድዳል። አንባቢው ይህን ጸጸት በየወሩ፣ እትም በእትም፣ አብሮት ተሸከመ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የዛክ ስናይደር ፊልምም ሱፐርማን ጠላቱን አንገቱን ሰብሮ ይገድላል። አንድ ቤተሰብ ሊያድን ተገዶ ነው፤ ከገደለም በኋላ ይጮኻል። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ግን መነጽሩን አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ፣ አዲስ ሥራ ሲጀምር እናየዋለን። ግማሽ ከተማ ፈርሷል፤ ቀብር ግን አላየንም። ለእውነት ለመመስከር፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው ተከታይ ፊልም የዚያን ከተማ ውድመት ጥያቄ አድርጎ አንሥቶታል።

ችግሩ የባለሙያዎቹ ክፋት አይደለም። ፊልም በሁለት ሰዓት ተኩል ማለቅ አለበት፤ ጸጸት ግን አይቸኩልም። የዳዊትን ታሪክ ተመልከቱ። ኃጢአቱ በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 11 ያልቃል፤ መዘዙ ግን በቤቱ ውስጥ ምዕራፍ በምዕራፍ እየተከተለ እስከ አቤሴሎም ሞት ይደርሳል። ቅዱስ መጽሐፍ ይቅርታውንም ልቅሶውንም አልደበቀም። እኛ የፊልሙን ፍጥነት ከለመድን ግን ሰው በድለን ሳለ “ይቅርታ ብያለሁ፣ በቃ” ብለን ወደሚቀጥለው ትዕይንት መዝለል እንጀምራለን።

እስኪ ጥያቄውን ወደ ቤታችን እናምጣው። በቢቸና ምድር ጀግና ሲባል ቀድሞ የሚጠራው በላይ ዘለቀ፣ አባ ኮስትር፣ ነው። አምስቱን የወረራ ዓመታት ጎጃም ላይ ከጣልያን ጋር ተዋጋ። ከድል በኋላ ግን በመንግሥት ላይ አምፀሃል ተብሎ ተፈረደበት፤ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሞተ። ፊልሙን የምትሠሩት እናንተ ብትሆኑ ታሪኩን የት ላይ ትጨርሱታላችሁ? በ1933 ዓ.ም. የድል ቀን ላይ ብትቆርጡት ሕዝቡ እያጨበጨበ ይወጣል። እስከ 1937 ዓ.ም. ብትዘልቁ ግን ተመልካቹ ጥያቄ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ኃይል ከጦርነት በኋላ የት ይቀመጣል? ባለውለታን እንዴት እንይዛለን? ፍርድ እንዴት ይሰጣል? እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጀግናን ማክበር ታሪኩን ሳይሸርፉ መንገር ነውና።

ይህ ጥያቄ የሩቅ አይደለም። ብስራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 “ጀምበር” የተባለውን ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በኮሚክ መጽሐፍ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ አውጥቷል። ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን የሚባል ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ከእናንተ መካከል ነገ የሚጽፍ፣ የሚሥል፣ ካሜራ የሚይዝ ይኖራል። ያን ጊዜ የሚፈነዳውን ሕንፃ ሁሉም ይጠይቃችኋል፤ ጸጸቱን ግን ማንም አይጠይቃችሁም። እናንተው ታስታውሱ ዘንድ ነው ይህን የምጽፈው።

ከወረቀት የወጣ ሌላ ታሪክ ደግሞ ሞጣ አለ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ ይገኛል፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት፣ የተሠራ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወንዙ ከበታቹ እየጮኸ፣ በዚህና በዚያ የቆሙ ሰዎች እየሳቡት ተሻገረ። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታተመ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ አየው፤ ገጹን ገልጦ አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ2002 ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ ድልድዩን ጠገነ። ጎርፍ ጥገናውን ሲወስደው ደግሞ በኋላ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ያንን ሥዕል ያዩት ብዙዎች ናቸው። አንዱ “ምን አገባኝ” አላለም። እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ ግን ገመዱን የያዙት ናቸው። ስማቸው አልተጻፈም፤ ልዩ ልብስም አልነበራቸውም። የሰው ነፍስ በእጃቸው ነበር፤ አልለቀቁም።

ጌታችን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ፣ ቢያደርገው ኖሮ ከተማው ሁሉ የሚያወራለት ትዕይንት ይሆን ነበር። እምቢ አለ። በጌቴሴማኒም የመላእክት ጭፍራ መጥራት እንደሚችል ተናገረ፤ ግን አልጠራም። ኃይሉን ራሱን ለማዳን አልተጠቀመበትም፤ በዚያም እኛ ዳንን።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ፊልም ስታዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ጀግናው ምን እያደረገ ሳለ ነው እኔ የማጨበጭበው? ለጥፋቱስ ጊዜ ሰጠው ወይ? ከዚያ ስልኩን አስቀምጡና ዙሪያችሁን ተመልከቱ፤ የጎረቤት ሽማግሌ፣ ትምህርት የከበደው ታናሽ ወንድም፣ የተቀያየማችሁት ጓደኛ አለ። ገመዱ እጃችሁ ላይ ነው። ጌታ ይርዳችሁ።