የምጥን ሕመም ማቅለል ከመስቀል መሸሽ ነውን?



አንዲት ክርስቲያን እናት የምጥ ሕመሟ እንዲቀልላት ብትሻና ለዚህም አስቀድማ ብትዘጋጅ፣ እግዚአብሔር ከሰጣት መስቀል እየሸሸች ነውን? ይህ ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በዋሂልም ሆነ በሌሎቹ የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ ወጣት ሴት በልቧ ይዛው ትዞራለች። ፍርሃቷን ለሰው ብትገልጥ ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ «የሔዋን ዕዳ ነው፤ ቻዪው» የሚል ነው። መልሱ አጭር በመሆኑ ጥበብ ያለበት ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ መልስ ፍርሃቷ አይወገድም፤ ትደብቀዋለች እንጂ። ሕመምን ዝም ብሎ መቻል ብቻ እንደ ጽድቅ የተነገራት ሴት፣ ርዳታ መጠየቅንም ሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን እንደ ድካም ልትቆጥረው ትችላለች። ስለዚህ መልሱ ከእምነታችን ጋር ይስማማ እንደ ሆነ መመርመር ይገባናል።

ዘዴው ምንድን ነው?

በዚህ ዘመን በልዩ ልዩ አገሮች «ሂፕኖበርዚንግ» በሚል ስም የሚሰጥ የወሊድ ዝግጅት አለ። በዚህ ስም በስፋት ያስተዋወቁት አሜሪካዊቷ ሜሪ ሞንጋን ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። የሐሳቡ መሠረት ግን ከዚያ በፊት ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ በ1933 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ፍርሃት ሰውነትን እንደሚያኮማትር፣ የተኮማተረ ሰውነት ሕመምን እንደሚያበረታ፣ የበረታው ሕመምም በተራው ፍርሃትን እንደሚጨምር አስተማሩ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ላማዝም በ1951 በሶቪየት ኅብረት ያዩትን ተመሳሳይ ዘዴ ወደ ፓሪስ ይዘው ተመለሱ።

ዘዴው በተግባር ሲታይ እጅግ ቀላል ነው። ነፍሰ ጡሯ ከወራት አስቀድማ በዝግታ መተንፈስን፣ ከግንባሯ እስከ እግር ጣቷ ድረስ ሰውነቷን በየተራ ማላላትን፣ ልብን የሚያረጋጋ አጭር ቃል መደጋገምን፣ ሰላም የሰፈነበትን ቦታ በሐሳቧ መሣልን ትለማመዳለች። የምታምነው ሰውም ከጎኗ ሆኖ አብሯት ይለማመዳል። ምጥ እንደ ማዕበል እየመጣ የሚሄድ እንጂ ያለ ዕረፍት የሚቀጥል አለመሆኑን ትማራለች፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ዕረፍት መጠቀምንም ትለምዳለች።

«ሂፕኖሲስ» የሚለው ቃል አንዳንዱን ምእመን ያስደነግጠው ይሆናል። ነገሩ ግን ጥንቆላም መተትም አይደለም። እናቲቱ ነቅታ ትሰማለች፤ ትናገራለች፤ ፈቃዷንም ለማንም አሳልፋ አትሰጥም። አንድ ሰው በጸሎት ወይም በሥራ ተመስጦ በዙሪያው ያለውን ጫጫታ የማይሰማበትን ሁኔታ ይመስላል።

ቤተ ክርስቲያን ምን አለች?

ጥያቄው ለቅድስት ቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ጥር 8 ቀን 1956 ለማኅፀን ሐኪሞች ባደረጉት ንግግር ሕመም አልባ ስለ ተባለው ወሊድ በስፋት አስተምረዋል። ዘዴው በራሱ ሲታይ ከግብረ ገብ አንጻር የሚነቀፍበት ነገር እንደሌለ ገለጡ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ላይ ለሔዋን የተነገረው ቃልም እናቶች ሕመምን የሚያቀልል መንገድ እንዳይፈልጉ የሚከለክል ትእዛዝ አለመሆኑን አስረዱ። የዘዴው ተመራማሪዎች እግዚአብሔርን ከማያውቅ ሥርዓት የወጡ መሆናቸው ያገኙትን እውነት ሐሰት እንደማያደርገውም አመለከቱ። የካቲት 24 ቀን 1957 ስለ ማደንዘዣ ሲናገሩ ደግሞ፣ ሐኪም ለሕክምና ዓላማና በሚገባው ጥንቃቄ የሚጠቀምበት ሂፕኖሲስ በራሱ የተከለከለ አለመሆኑን አስታወቁ። ይህ ፈቃድ ግን ለማንኛውም ዓይነት ሂፕኖሲስ ሁሉ እንዳይወሰድ አሳሰቡ።

የዘፍጥረትን ቃል በራሳችን ኑሮ እንመልከተው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ስለ ሔዋን ድካም የተነገረው ቃልና ስለ አዳም ድካም የተነገረው ቃል አንድ ነው። አዳም በምድር ላይ በድካምና በእሾህ መካከል እንደሚበላ ተነግሮታል። ሆኖም ማሽላውን በበሬ የሚያርስ፣ አረሙን የሚነቅል፣ ጎርፉን በእርከን የሚገታ ገበሬ ኃጢአት ሠራ የሚል ካህን የለም። የአዳምን ላብ የሚያብስ መሣሪያ በረከት ተብሎ የሔዋንን ምጥ የሚያቀልል ትንፋሽ እንደምን ክሕደት ይሆናል? በአንድ ምዕራፍ የተነገረውን ለወንዱ እንደ ትንቢት፣ ለሴቲቱ እንደ ሕግ አድርጎ መተርጐም ፍትሕ አይደለም።

ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። መውለድን «መገላገል» እንለዋለን። ነፍሰ ጡሯን «በሰላም ያገላግልሽ» ብለን እንመርቃለን፤ ለወለደችውም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። ምሕረት የሚለመነው ሰው ሊወጣው ከሚገባ ጭንቅ ነው። አያቶቻችን ምጥ እንዲያጥር መለመንን ነውር ብለው ቢያምኑ ኖሮ ይህ ምርቃት ባልተወረሰ ነበር።

ስለ መስቀል የሚነሣው ክርክር

«ሕመም ከክርስቶስ ሕማማት ጋር ሲተባበር ዋጋ የለውምን?» የሚል ሊኖር ይችላል። በእርግጥ አለው። ሕመሟን በፍቅር ለእግዚአብሔር የምታቀርብ እናት ታላቅ መሥዋዕት ታቀርባለች። ነገር ግን መሥዋዕት የሚሆነው በፈቃድ ሲቀርብ ነው። ጌታችን በጎልጎታ የቀረበለትን ከርቤ የተቀላቀለበት ወይን አልወሰደም፤ ይህን ያደረገው ግን ስለ ራሱ ነው። ወደ እርሱ ለመጣ ሕመምተኛ «ሕመምህን ተሸከም» ብሎ ያሰናበተበት ቦታ በወንጌል አይገኝም፤ ይፈውስ ነበር እንጂ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛም በ1984 ስለ ሰው ሕማም በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ በስፋት ያብራሩት፣ የሌላው ሕመም ከእኛ ፍቅርን የሚጠይቅ መሆኑን ለማሳየት ነው። እንግዲህ እያንዳንዳችን የራሳችንን መስቀል ልንሸከም እንችላለን፤ በሌላው ትከሻ ላይ መስቀል ልናክል ግን ሥልጣን የለንም።

የቤተ ክርስቲያን አበውም እመቤታችን ጌታን ያለ ሕመም እንደ ወለደችው አስተምረዋል። ከእናቶች ሁሉ የከበረችው እናት ያለ ምጥ ከወለደች፣ የእናትነት ክብር በጩኸት ብዛት እንደማይለካ ግልጽ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ስሕተትም አለ። በዘዴው እጅግ የተደሰቱ አንዳንድ ሰዎች፣ በደንብ የተለማመደች ሴት ሕመም አይሰማትም እስከ ማለት ይደርሳሉ። በዚህ አነጋገር የጮኸችው እናት ያልተለማመደች፣ በቀዶ ሕክምና የወለደችውም የተሸነፈች ተደርጋ ትታያለች። «ቻዪው» ከሚለው ቀንበር ወጥታ «አይሰማሽ» በሚለው ቀንበር ሥር ትወድቃለች። እውነቱ ግን መካከለኛ ነው። በ1 ርእስ ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው የሕክምና ተመራማሪዎች ማኅበር በ2016 ባወጣው ግምገማ፣ 2954 ሴቶች የተካፈሉባቸውን 9 ጥናቶች መርምሮ ሂፕኖሲስ የማስታገሻ መድኃኒት ፍላጎትን በጥቅሉ ሊቀንስ እንደሚችል፣ በእናቶች እርካታ ወይም በተፈጥሮ መንገድ በመውለድ ረገድ ግን ግልጽ ልዩነት እንዳልታየ ገልጿል። ስለዚህ ዘዴው ረዳት እንጂ ተአምር አይደለም።

ጸሎትንም በዚሁ መንፈስ እንያዝ። እናቲቱ አየር ስታስወጣ የጌታን ስም ወይም «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ብትጠራ መልካም ነው፤ እናቶቻችንም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። ጸሎት ግን ሕመምን ለመግዣ የሚከፈል ዋጋ አይደለም። ሕመሙ ቢበረታ ጸሎቷ አልተሰማም፣ እምነቷም ጎድሏል ማለት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ግን ሰላማዊ ትንፋሽን የሐኪም ምትክ ማድረግ ነው። የደም መፍሰስን፣ የደም ግፊትን፣ የተዘጋ ምጥን ማንኛውም ዓይነት የአተነፋፈስ ልምምድ አያቆመውም። በ2016 በወጣው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የወለዱትም ከመቶ 28 ብቻ ነበሩ። በ2019 በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ ወደ 48 ከፍ ማለታቸው የሚያስደስት ቢሆንም ገና ብዙ ይቀራል። በጉራጌ ምድር የሚገኘው ካቶሊካዊው የአጣጥ ሆስፒታል ሩቅ ያሉ እናቶች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው የሚቆዩበትን ማረፊያ በማዘጋጀት ቀዳሚ ነው። ከ1987 እስከ 2008 ባለው ጊዜ በማረፊያው ቆይተው ከወለዱት 6805 እናቶች መካከል የሞቱት በ100,000 ሕያዋን ልደቶች 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ከመጡት መካከል ግን ከ1300 በላይ ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከከፋ በኋላ የደረሱ መሆናቸው መዘንጋት የለበትም፤ ትምህርቱም ይኸው ነው፤ ቀድሞ መድረስ ሕይወት ነው።

ገንዘብ የሌላት እናትስ?

በከተማ በክፍያ የሚሰጥ ሥልጠና ለዋሂል እናት የሚደርስ አይደለም። ነገር ግን ከዘዴው ውስጥ በእውነት የሚጠቅመው ክፍል ዋጋ አይጠይቅም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ እናት በመረጠችው ሰው ታጅባ እንድትወልድ፣ በአክብሮት እንድትያዝ፣ ሕመም ለማስታገስም የአተነፋፈስና ሰውነትን የማላላት ዘዴዎች እንዲቀርቡላት ይመክራል። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎችም የእርግዝና ክትትልና የማዋለድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ይሰጣል። ያላት ጥቂት ገንዘብ መዋል የሚገባው ለመጓጓዣ፣ ለንጹሕ ጨርቅና በወሊድ ሰሞን ለሚያስፈልጋት ምግብ ነው። ምጡ ከጤና ጣቢያው አቅም በላይ ሆኖ ወደ ድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል መላክ ቢያስፈልግ፣ ለአጃቢው የሚሆን ወጪ በዕድሩ ወይም በአፎቻው አስቀድሞ ቢታሰብበት መልካም ነው።

ልምምዱን በየማታው ከመኝታ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ማድረግ ይበቃል። በአፍንጫ አየር በዝግታ ታስገባለች፤ ከዚያ ይበልጥ በዝግታ ታስወጣለች፤ ትከሻዋን፣ መንጋጋዋን፣ መዳፏን ታላላለች። ባሏ ወይም እኅቷ አጠገቧ ተቀምጠው አብረው ይተነፍሳሉ። ደም ካየች፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከገጠማት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ትኩሳት ከያዛት፣ የሽርት ውኃ ከፈሰሳት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት ልምምዱን ትታ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም አንድ አደራ አለ። በጋብቻ ትምህርት ጊዜ ይህን ለባሎች ንገሩ፤ የሚስቱን ፍርሃት የሚሰማ ባል የወሊዱ ዝግጅት ግማሽ ነውና። በዋሂል ዙሪያ ያሉ ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። እነርሱም በቅዱስ ቁርአናቸው ማርያም በተምር ዛፍ ሥር በምጥ ስትጨነቅ ውኃና ፍሬ እንደ ተሰጣት ያነብባሉ። በአንዳንድ ነገር ብንለያይም፣ የተጨነቀችን እናት ማጽናናት የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑን በማመን አንድ ነን። ስለዚህ የሚጠቅመውን ምክር ለሁሉም ጎረቤት አካፍሉ።

በሉቃስ ወንጌል እንደ ተጻፈው እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ወጥታ ከኤልሳቤጥ ጋር ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች። በቁምስናችን መጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ ሴት ብትኖር፣ ከእኛ አንዱ በዚህ ሳምንት ሄዶ አብሯት ይቀመጥ፤ ምን እንደሚያስፈራትም ይጠይቃት።