ስለ ባልንጀራው ነፋስን የሚቀበል ሰው

ሰው ለሌላው ሰው አክሊል ቢደክም ድካሙ የማን ነው? ይህ ጥያቄ የሊቃውንት ጉባኤ ብቻ አይደለም፤ በየመንገዱም ይገኛል። በቃሊቲና በአቃቂ የሚኖር አንባቢ ከወደብ ዕቃ ጭነው የሚገቡትን ከባድ መኪናዎች ዕለት ዕለት ያያል። የሾፌሩን ስም የሚጠይቅ ብዙ ነው፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ የሚያስገባውን፥ ሸራውን የሚያስረውን፥ ሌሊት ጭነቱን የሚጠብቀውን ረዳት ግን ስሙ ማን ነው የሚል ጥቂት ነው። እኔ ነገሩን በቢስክሌት እሽቅድምድም ልመርምረው ወደድሁ፤ ስለ ምን ቢሉ፥ በዚያ ረዳትነት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ፥ ደመወዝ ተቈርጦለት ይገኛልና። ዓመቱንም ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር እጽፋለሁ።

በቢስክሌት ለሚፈጥን ሰው ትልቁ ጠላቱ ነፋስ ነው። አንዱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ሲቀበልለት፥ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሲሶ ድረስ ያተርፋል። ስለዚህ በታላላቆቹ ውድድሮች እያንዳንዱ ቡድን አንድ አለቃ ይመርጣል፤ የቀሩት ነፋስ ይቀበሉለታል፥ ውሃ ያመላልሱለታል፥ ጎማው ቢተነፍስ የራሳቸውን ይሰጡታል። ፈረንሳዮች እንዲህ ያለውን ሰው ዶሜስቲክ ይሉታል፤ የቤት አሽከር ማለት ነው። ቃሉ ወደዚህ ሙያ የገባው በስድብ ነው። ቱር ደ ፍራንስ የሚባለውን ውድድር በ1895 ዓ.ም. የጀመረው ሄንሪ ዴግራንዥ፥ በ1903 ዓ.ም. ሞሪስ ብሮኮ የሚባለውን ነጂ ለሌላ ሰው ስለ ገንዘብ አገዘ ብሎ በዚህ ስም ነቀፈው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ለራሱ ብቻ መንዳት ነበረበትና ማገዝ እንደ በደል ይቈጠር ነበር። ዛሬ ግን ስድቡ የሙያ ስም ሆኗል።

የእኛም አገር ሰዎች በዚህ መንገድ አልፈዋል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን መጀመሪያ ኦሊምፒክ በገባች ጊዜ ያሰለፈችው ሯጮችንና ቢስክሌተኞችን ብቻ ነበር፤ ከቢስክሌተኞቹም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው፤ እርሱም በ1952 ዓ.ም. በሮም ደግሞ ተሰልፏል። በሜልቦርን ከአንድ አገር እስከ 4 ሰው ሆነው ከ187 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ሲነዱ፥ ለቡድኑ የሚታሰበው የፊተኞቹ የ3ቱ ደረጃ ብቻ ነበር። አራተኛው ያን ሁሉ መንገድ ደክሞ ቢፈጽም እንኳ ደረጃው ከሒሳብ አይገባም። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ዓመት 198 ነጂዎች በ22 ቡድን ተከፍለው፥ ከ3500 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ በ21 ምዕራፍ ሊፈጽሙ ተነሡ፤ የአሸናፊውን ቢጫ ልብስ ለብሶ ፓሪስ የሚገባው ግን አንድ ብቻ ነው። ጽጋቡ በአገሩ ሻምፒዮና ያሸነፈ ሰው ሲሆን፥ በውጭ አገር ቡድኖች ግን ሥራው ይበልጡን ሌሎችን ማገዝ ነበር።

እንግዲህ በአገሩ ቀዳሚ የነበረ ሰው ወደ ውጭ ሔዶ ለሌላው የነፋስ መጋረጃ ቢሆን፥ ከፍ አለ እንበል ወይስ ዝቅ አለ? አንዳንዱ ጉልበቱን ሸጠ ይላል። ሌላው ደግሞ የባሰውን ያነሣል፤ ማሸነፍ የሚችል ሰው በትእዛዝ ወደ ኋላ ቢቀር ለተመልካቹ ውሸት አይደለምን? ይላል። ይህም የሆነ ነገር ነው። በ2004 ዓ.ም. በናይሮቢ የተወለደው ክሪስ ፍሩም በአልፕስ ተራራ ላይ አለቃውን ብራድሊ ዊጊንስን ትቶ ቢገሠግሥ፥ በሬዲዮ ቈይ ተባለና ጠበቀው። ዊጊንስ አንደኛ፥ ፍሩም ሁለተኛ ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት ግን አሸናፊው ራሱ ፍሩም ሆነ።

የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅን ሲያስተምሩ የአንጥረኛውን ሥራ ምሳሌ ያደርጋሉ። አንጥረኛው አስቀድሞ መልኩን በሰም ይሠራል፤ በጭቃም ይሸፍነዋል፤ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፥ ወርቁም በስፍራው ገብቶ መልኩን ይይዛል። ሰው የሚያደንቀው ወርቁን ነው፤ መልኩ ግን የሰሙ ነበረ። የረዳቱም ድካም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ዝቅ አለ የሚለው ተሳስቷል፤ ድሉ የሁለቱም ነውና። ውሸት ነው የሚለውም ተሳስቷል፤ ውሸት የማያውቀውን ማታለል ነው፥ ውድድሩ የቡድን መሆኑን ግን ተመልካቹም ተቀናቃኙም ያውቃል።

ነገር ግን ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሔድም። ሰምን ልትቀልጥ ትወዳለህን ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ነፍስ ያለው ሰው ግን ሊጠየቅ ይገባዋል። ስለዚህ ለሌላው መድከም ክብር የሚሆነው በሦስት ነገር ነው። አንደኛው፥ አውቆና ወዶ ሲገባበት ነው። ሁለተኛው፥ ከፍሬው ሲካፈል ነው፤ በዚህ ሙያ አሸናፊው የሽልማቱን ገንዘብ ለባልንጀሮቹ የማካፈል የቈየ መልካም ልማድ አለ። ፍሬ ማለትም ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ለፍሩም እንደ ደረሰው ተራም ፍሬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጎማ የሚለውጥ፥ መሪ ግን የማያስይዙት ረዳት፥ ገንዘቡ ቢከፈለውም ተራውን ተቀምቷል።

ሦስተኛው፥ ጉልበቱን እንጂ ኅሊናውን ስጥ ሳይባል ሲቀር ነው። ይህ ሲፈርስ የሚሆነው በላንስ አርምስትሮንግ ታይቷል። 7 ጊዜ ያገኘው የቱር ደ ፍራንስ ድል በ2005 ዓ.ም. በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ተሻረ፤ ከመሰከሩበትም 11ዱ የቀድሞ የቡድን ባልንጀሮቹ ነበሩ፥ ከነርሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ያንኑ መውሰዳቸውን አመኑ። ነፋስን በመቀበል የተጀመረው አገልግሎት ሐሰትን ወደ መሸሸግ ደርሶ ነበር። ለባልንጀራ የሚሰጠው ነገር ልክ አለው፤ ልኩም እውነት ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ወደ ቤታችን እንመልሰው። አሽከር የሚለውን ቃል ስድብ የሚያደርገው ማገልገሉ አይደለም፤ የተገለገለው ሰው መርሳቱ ነው። ከፋብሪካ የወጣውን ጨርቅ የለበሰ ሰው በሸማኔው ማሽን አጠገብ ሌሊቱን የቆመውን አያውቀውም፤ ስሙን ሁሉ ማወቅም አይቻለውም፤ ዋጋውን ሲጠይቁት አለመንፈግ ግን ይቻለዋል። በየሥራው ቤት ያለ አለቃም ዛሬ ከፊቱ ሆኖ ነፋሱን የሚቀበልለት ማን እንደ ሆነ፥ ተራውስ መቼ እንደሚደርሰው ራሱን ይጠይቅ። መልስ ያጣ እንደ ሆነ፥ በእጁ የያዘው አክሊል የብቻው አይደለምና፥ ድርሻውን ለባለቤቱ ለመመለስ ጊዜ ሳያልፍበት ይነሣ።