ሙልሙሉ ቢያንስም በሩ አይዘጋ



ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦርን በዓል ስናከብር ሕፃናት «ሆያ ሆዬ» እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። ወላጆቻችን ለእነርሱ ሙልሙል ይጋግሩ ነበር። ዛሬ የዱቄቱ ዋጋ ስለ ከበደ ሙልሙሉ አንሷል፤ በብዙ ቤትም ስፍራውን ለብር ለቅቋል።

ማነሱ አያሳፍርም። ጌታችን አምስት ሺህ ሰው የመገበው አንድ ብላቴና በያዘው አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ነው (ዮሐ. 6፥9)። የሚያሳዝነው ግን ብሩን በበር ሽንቁር አቀብለን፣ የልጁን ፊት ሳናይ፣ ምርቃቱንም ሳንሰማ ስንመለስ ነው። ሕፃንን በስሙ የሚቀበል እርሱን እንደሚቀበል አስተምሮናልና (ማር. 9፥37)።

በጅግጅጋ ይህ ነገር ቀላል አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ካህናትና ምእመናን ተገደሉ። ቡሄ የዋለው ከ15 ቀን በኋላ ነበር። ከእንዲህ ያለ ኀዘን በኋላ በሩን የዘጋ ሰው አይወቀስም፤ ፍርሃት ግን ለልጆቻችን የምናወርሰው ርስት ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ከበዓሉ አስቀድመው የታቦርን ብርሃን ትርጉም ለልጆች ያስረዱ፤ ያገኙትንም ላላገኘ እንዲያካፍሉ ያስተምሩ። እኛም በየቤታችን ትንሽም ብትሆን ሙልሙል ጋግረን በእጃችን እንስጥ፤ ለሙስሊም ጎረቤታችን ልጅም ድርሻውን እናስቀምጥ። ደቀ መዛሙርቱ ብርሃኑን ካዩ በኋላ ከተራራው ወደ ሕዝቡ እንደ ወረዱ፣ እኛም ከቅዳሴው ወደ ደጃችን ወጥተን የሚያንኳኳውን እንቀበል። አሜን።