ማስላት ማወቅ ነውን?

የኒውክሌር ማብላያ ፊዚክስን በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሚያጠና ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጽፍበትን ማብላያ በዓይኑ ሳያይ ይመረቃል። ነዳጁን፣ ውሃውንና የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹን በአንድ ፋይል ውስጥ በቁጥር ይገልጻል፤ ፋይሉን ኤምሲኤንፒን ወይም ሰርፐንትን ለመሰለ ፕሮግራም ይሰጣል። ፕሮግራሙ ሚሊዮን ኒውትሮኖችን አንድ በአንድ በዕጣ እየመራ የት እንደሚጋጩ፣ የት እንደሚዋጡ፣ የትኛውን አቶም እንደሚሰነጥቁ ይከታተላል። በመጨረሻ አንድ ቁጥር ይወጣል፤ 1.00012 እንበል፣ ስህተቱም ሲደመር ሲቀነስ 0.00008። ቁጥሩ ከ1 ከበለጠ ኒውትሮኖቹ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይበዛሉ፤ ካነሰ ይመናመናሉ። ተማሪው ይህን ይዞ «ማብላያው እንዲህ ይሆናል» ብሎ ሲጽፍ ዐወቀ እንበል ወይስ አመነ? እኔ ቁጥሩን ብቻውን ዕውቀት አልለውም። ዕውቀት የሚሆነው ተማሪው ቁጥሩ በምን ላይ እንደቆመና የት ሊከዳው እንደሚችል መናገር ሲችል ነው።

ከቁጥሩ ጎን የታተመውን ስህተት እንመልከት። ይህ በዕጣ የማስላት ስልት እ.ኤ.አ. በ1946 የሒሳብ ሊቁ ስታኒስላቭ ኡላም ከሕመም ሲያገግም በካርታ ጨዋታ ላይ ሳለ የመጣለት ሐሳብ ነው፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን ወዲያው ለኒውትሮን ስሌት አዋለው። ዕጣው በአራት እጥፍ ሲበዛ ስህተቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩና ትዕግሥቱ ካለ የፈለጉትን ያህል ማሳነስ ይቻላል። ነገር ግን የሚያንሰው የዕጣው ስህተት ብቻ ነው። ዩራኒየም 235 ኒውትሮንን የመዋጥ ዕድሉ ስንት ነው፣ ሲሰነጠቅ ስንት ኒውትሮን ይለቅቃል የሚለው ሁሉ ሰዎች በቤተ ሙከራ ለክተው በሰንጠረዥ ካስቀመጡት የሚመጣ ነው። በተለመደው በውሃ በሚቀዘቅዝ ማብላያ ይህ ሰንጠረዥ የሚያስከትለው ጥርጣሬ ግማሽ በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ካተመው ስህተት ስልሳ እጥፍ ያህል ማለት ነው። ማብላያን ለመቆጣጠር የሚያስችሉን ደግሞ ዘግይተው የሚወጡት ኒውትሮኖች ናቸው፤ እነሱም በዩራኒየም 235 ከጠቅላላው 0.65 በመቶ ብቻ ናቸው። የጥርጣሬያችን ስፋት ማሽኑን በእጃችን ከሚያቆየው ኅዳግ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም። አምስተኛውን አሐዝ እያከበረ ይህን የማይጠይቅ ተማሪ ፕሮግራሙን አምኗል እንጂ ማብላያውን አላወቀም።

የሃንፎርድ ታሪክ ከዚህም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1944 አሜሪካ ውስጥ በሃንፎርድ የተሠራው ትልቁ ማብላያ ሥራ ጀመረ፤ ኃይሉ ከፍ አለ፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው ወርዶ ጠፋ። ከሰዓታት በኋላ ራሱ ነፍስ ዘራ፣ እንደገናም ወደቀ። ምክንያቱ ከአቶሙ መሰንጠቅ የሚመነጨው ዜኖን 135 ነበር፤ ኒውትሮንን እንደ እሱ የሚውጥ ነገር እምብዛም የለም፤ ግማሽ ዕድሜውም ዘጠኝ ሰዓት ያህል ነው። ፊዚሲስቱ ጆን ዊለር እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር እንደሚችል ጠርጥሮ ነበር፤ ስሌቱ ግን አላካተተውም። ሥራውን ያዳነው ማብላያውን የገነባው የዱፖን ኩባንያ መሐንዲሶች ጥንቃቄ ነው፤ ፊዚሲስቶቹ 1,500 የነዳጅ ቱቦ ይበቃል ሲሉ እነሱ 2,004 እንዲሆን አድርገው ነበር፤ በትርፎቹ ቱቦዎች ነዳጅ ተጨምሮ ዜኖኑ ተሸነፈ። ስሌቱ በሚያውቀው ሁሉ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ማንም ያልነገረው ነገር ነው። ሲሙሌሽን የሰጡትን ይተነትናል፤ ዜኖንን ያልሰጡት ማሽን ዜኖንን ሊፈጥር አይችልም፤ ስለጎደለው ነገርም አያስጠነቅቅም።

«ልኬትስ ከንድፈ ሐሳብ ነጻ ነውን?» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። እንደ ሐዋርያው ቶማስ ካልዳሰስኩ አላምንም ማለት እዚህ አያዋጣም፤ በሚሠራ ማብላያ ልብ ውስጥ ጣቱን የሚያስገባ የለም። ቆጣሪው የሚሰጠው ኤሌክትሪካዊ ምት ነው፣ ምቱን ወደ ኒውትሮን የምንተረጉመው እኛ ነን። ሆኖም በልኬት ውስጥ ተፈጥሮ «አይደለም» የማለት ዕድል አላት፤ በሲሙሌሽን ውስጥ ይህ ዕድል የላትም። ሌላው ተቃውሞ ይበረታል፦ ፕሮግራሞቹ በመቶዎች ከሚቆጠሩ እውነተኛ ሙከራዎች ጋር ተነጻጽረዋል። ከእነዚህ አንዱ በሎስ አላሞስ የተሠራው፣ ጎዳይቫ የተባለው ራቁት የዩራኒየም ሉል ነው። ችግሩ ሰንጠረዦቹ ራሳቸው በስህተት ወሰናቸው ውስጥ ሆነው ለጎዳይቫ 1 እንዲሰጡ መስተካከላቸው ነው። ሁለት ስህተቶች ተጣፍተው ትክክለኛ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ሉሉ ላይ የተጣፉት ግን ውሃ ባለበት፣ ወይም ነዳጁ በቀለጠ ጨው ውስጥ በሆነበት ማብላያ ላይ ላይጣፉ ይችላሉ። ማነጻጸሩ ዋጋ የለውም አልልም፤ ፈቃዱ ግን ለተነጻጸረበት አካባቢ ነው። ከተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እኔ መጀመሪያ የማነበውም ይህን አካባቢ የገለጸበትን ገጽ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከቼርኖቤል ይመጣል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ሌሊት የፈነዳው ማብላያ ሙከራ ላይ ነበር፤ ታዲያ ከሙከራ ስሌት አይሻልም? ይሻላል፣ በሚሠራ ማብላያ ላይ እንዲያ ያለ ሙከራ ከመሞከር ሺህ ጊዜ ይሻላል። ነገር ግን የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ሲወርዱ ኃይልን ለጊዜው ሊያንሩ መቻላቸው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1983፣ በሊትዌኒያው ኢግናሊና ጣቢያ በተመሳሳይ ዓይነት ማብላያ ላይ ያለ ጉዳት ተለክቶ ታይቶ ነበር። ጉድለቱ መለካቱ ላይ ሳይሆን የተለካውን ባለመስማት ላይ ነው። ዛሬም ነዳጅ ሲጫን ኦፕሬተሮች የኒውትሮን ቆጣሪውን ንባብ ተገላቢጦሽ (1 ለንባቡ ሲካፈል) በወረቀት ላይ እየነጠቡ መስመሩ ዜሮን የት እንደሚነካ ይከታተላሉ፤ ፊዚሲስቱ ኤንሪኮ ፌርሚ በ1942 ቺካጎ ውስጥ ያደረገው ይህንኑ ነው። ስሌቱ ነጥቡን አስቀድሞ ተናግሯል። ንባቡ ከእሱ ርቆ ከሄደ ጭነቱ ይቆማል፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እስኪታወቅም አይቀጥልም።