ከዐውድማው ላይ መለየት

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 እንደ ተጻፈው ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን ከግብፅ ምድር ፍሬ አምስተኛውን እጅ እያስለየ አከማቸ። ይህን ታሪክ ስንሰብክ የዮሴፍን ጥበብ እናደንቃለን፤ አንዱን ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን። ዮሴፍ ፈርዖንን የመከረው ግብፃውያን ኹሉ በየልባቸው ቈጣቢዎች ይኹኑ ብሎ አይደለም፤ ሹማምንት ይሾሙ፥ እኽሉም በየከተማው ይጠበቅ ብሎ ነው እንጂ። የሰው ልብ በጥጋብ ቀን የረኀብን ቀን እንደማያስብ ያውቅ ነበርና በልብ አልታመነም፤ በጎተራ ታመነ።

ይህን እንድናስብ ያደረገን በአዴት የምናውቀው አንድ ወጣት ዲያቆን ነው። ስሙን ሳንጠራ እንድንጽፍ ፈቅዶልናል። ቀድሞ የቅኔ ተማሪ ነበረ፤ አሁን ባሕር ዳር በኮሌጅ ይማራል። ደመወዝ የለውም፤ በየሠርጉ ፎቶግራፍ እያነሣ፥ በሠራው ልክ እየተከፈለው ይኖራል። በጥር ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ ኪሱ ይሞላል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን 55 ቀን ሙሉ ሠርግ የለም። እንዲህ ያለውን ኑሮ የይልማና ዴንሳ ገበሬ ያውቀዋል፤ እርሱም ሐምሌንና ነሐሴን የሚሻገረው ጤፉ በተወቃ ጊዜ ባኖረው ነውና።

የወጣቱ ችግር ግን የገቢው መዋዠቅ ብቻ አልነበረም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ልቡ በአንድ ነገር ላይ አይረጋም። የጀመረውን ትቶ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ የትምህርት ክፍያ የሚከፈልበትን ቀን ጽፎ፥ የጻፈበትን ወረቀት ያጣዋል። ገንዘብ በገባ ሰዓት ዐይኑ ያየውን ይገዛል፤ በማግሥቱ ራሱን ይረግማል። በአንድ ዓመት በጥር ያገኘውን 18,000 ብር የካቲት ሳያልቅ ጨረሰና ለኮሌጁ የሚከፍለው ቢያጣ ካሜራውን አስይዞ ተበደረ። የትንሣኤ ሠርግ በመጣ ጊዜ ካሜራው በአበዳሪው ቤት ነበረ፤ እርሱም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ትምህርቱን ሊተው ቈረጠ።

እኛ ምን አልነው? መሸሸግ አይገባንም፤ ሰነፍ አልነው። ሰሎሞን በምሳሌ ምዕራፍ 6 ስለ ጕንዳን የተናገረውን ጠቅሰን ገሠጽነው። አንገቱን ደፍቶ ሰማን፤ ንስሓ ገባ፤ ቀኖናውን ፈጸመ፤ ገንዘቡም እንደ ቀድሞው ጠፋ።

ኋላ ከሐኪም ዘንድ ደርሶ ሲመለስ ሕመሙ ስም ያለው መኾኑን ነገረን። ሐኪሞች በምሕጻረ ቃል ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ይሉታል፤ የትኵረት ማነስና የመቅበጥበጥ ሕመም ብንለው ይቀርባል። በሕፃንነት ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም ከሰውየው ጋራ አብሮ ያድጋል። የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ የበጎ ፈቃድ ማነስም አይደለም። ይህ ወጣት የወደደውን ሥራ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሳይነሣ ያድራል፤ ነገን አስቦ የዛሬን ፈቃድ መግታት ግን ይሳነዋል። ሕመሙ መድኀኒትም ምክርም አለው። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መኾኑን ያስተምራልና፥ ጠበል ይበቃሃል ብሎ ሰውን ከሐኪም መከልከል ለካህን አይገባውም።

ይህን ስንል ኀላፊነት የለበትም ማለታችን አይደለም። ዕዳን መካድ በማንም ዘንድ ኀጢአት ነው። ነገር ግን ዐይኑ የታመመውን ሰው ስለ ምን ተደናቀፍህ እያሉ ከመምታት እጁን ይዞ መምራት ይቀድማል።

ብልኅ ገበሬ ዘሩን የሚለየው ከዐውድማው ላይ ነው። እኽሉ አንድ ጊዜ ከቤት ከገባ እንግዳውም፥ ማኅበሩም፥ የልጅ ልብስም ይጠይቀዋልና። ለወጣቱም የበጀው ይኸው ነው። ዛሬ ክፍያው የሚመጣለት በስልክ ነው፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ ሳይዳሰስ ይመጣል፥ ሳይዳሰስም ይሄዳል። እናቶቻችን በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩት የነበረው ብር ቢያንስ እስኪፈታ ድረስ ለማሰብ ጊዜ ይሰጥ ነበር። ስለዚህ ከእናቱ ጋራ ተማከረና ከሠርጉ ዳስ ሳይወጣ መለየት ጀመረ። 5,000 ብር ቢከፈለው 500ው ዐሥራት፥ 1,500ው የትምህርት፥ 1,000ው የዕዳ ነው፤ የቀረውን 2,000 ለእናቱ ይልካል፤ እርስዋም በየሳምንቱ ቈንጥራ ትሰጠዋለች። ሃያ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ከእናቱ እጅ መቀበሉ ያሳፍራል የሚሉ አሉ። ግብፃውያንም ከዮሴፍ እጅ ተቀብለዋል።

ዕቁብም ገብቷል። እንዲህ ላለ ሰው ዕቁብ ከብዙ ስብከት ይበልጣል፤ ቢረሳ ዳኛው ያስታውሰዋል፥ ቢዘገይ ዋሱ ይጨነቃል። አደጋው ዕጣው የወጣለት ቀን ነው፤ ያን ቀን ብቻውን እንዳይውል ዳኛውን አስቀድሞ ለመነው፤ ገንዘቡም በእጁ ሳያድር ለኮሌጁ ተከፈለ። ካሜራው ከተመለሰ ኹለት ዓመት ኾኖታል።

በቅኔ ቤት ሳለ ለምኖ ያመጣውን ቍራሽ ኹሉ በዕለቱ አይበላም ነበር፤ ከፊሉን አድርቆ ዝናብ ለሚከለክልበት ቀን ያኖር ነበር። በእናቱ እጅ ያለውንም ገንዘብ ዛሬ ድርቆሼ ይለዋል። ባለፈው ጥር ግን አንድ የሠርግ ክፍያ ሳይለይ አመለጠውና ለማያስፈልገው ዕቃ አዋለው። እያፈረ መጥቶ ነገረን። ስለ ጕንዳን አላነሣንበትም፤ ድርቆሹ ስንት ሳምንት እንደሚያደርሰው ጠየቅነው። ጥቂት ቈጥሮ፥ አምስት አለን።